የተጋደመ ዘንግ

ዘንጉን ከኮርኒሱ በላይ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ይህን ቤት ስንሠራ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና በሕይወት ሳለ፣ ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩት፤ በላዩ የማዳበሪያ ከረጢት ደረብኩበት፤ ከእንጨቶቹ መሐል አስተኛሁትና ምስማር የሚመታውን ሰው "በል አሁን ዝጋው" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፣ ባለቤቴ ሞተ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ተቀየረ፤ ዘንጉ እዚያው ነበር። ባለፈው ሰሞን ልጄ አስራት ከጎረቤት መሰላል ተውሶ ወጣና ኮርኒሱን ፈልቅቆ አወረደው። ከረጢቱ ሳይፈታ ሽታው ቀድሞ ወረደ። የጭስ፣ የቆየ ቅቤ፣ የማር ሰም ሽታ። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ነበር፤ ለቅቄው ወደ በሩ ዞርኩ።

"እማ፣ ልትጥይኝ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አባቴ በበሩ የገባ መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ሽታ ከቤቱ አልወጣም። እሱ ሥራ ሲሄድ በሩንም መስኮቱንም እከፍታለሁ፣ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ እተወዋለሁ፤ አይወጣም። ስለዚህ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ በፋኖስ፣ ከአባቴ እኩዮች ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ዘንጉን ያወረድነው ወደን አይደለም። ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ልለፈው፣ አቶ ታደሰ የሚባል ሰው በመኪና ቤታችን ድረስ መጣ። የደካ ልጅ ነው፤ ከጌሻ። ንጹሕ ሰው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ እጀታው የእንጨት የሆነ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ የማይለየው። በር ላይ ጫማውን አወለቀ፤ እኔ እስክቀመጥ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ ትሕትና ያስፈራኛል። የሚጮህ ሰው ምን እንደሚፈልግ ቶሎ ይታወቃል።

"እትዬ ብዙነሽ" አለ፣ "መንግሥት አሁን ባህላዊ መሪዎችን ወደ ቦታቸው እየመለሰ ነው። ድሮ የተበደሉትን ማለቴ ነው። አባትዎን አቶ ወልዴን የማያውቅ የለም። ወንድምዎ ልጅ ሳይተዉ ዐርፈዋል። ሽማግሌዎቹን ብንጠይቅ ዘንጉ ያለው እናንተ ቤት ነው፣ ልጁም አስራት ነው አሉን። ደግሞ የተማረ ነው፤ ማይክራፎን አይፈራም።"

"እሱ እኮ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነው" አልኩ።

"ምን አለበት? በሥራ ቀን ቧንቧውን ይይዛል፣ በስብሰባ ቀን ዘንጉን።" ሳቀ። አስራትም አብሮት ሳቀ። ልጄ ሳቅ አይነፍግም፤ ይህን ከማን እንዳመጣው አላውቅም።

ከዚያ አቶ ታደሰ ካባ እንደሚሰፋለት ነገረን፤ ጠርዙ በቀይና በቢጫ የተጠለፈ። ከየወረዳው የተመረጡ የጎሳ አባቶች ቦንጋ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንዳንድ አጭር ጽሑፍ ያነባሉ አለ። የአስራት ጽሑፍ የጫካውን ጉዳይ የምትመለከት ናት። ጫካው የትውልድ ሰፈሬ ጫካ ነው፤ ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ ማዶ። አሁን ሻይ የሚያለማ ባለሀብት ተገኝቶለታል። የቀረው የአካባቢው ሰው በባህል አባቱ አፍ "ተስማምተናል" እንዲል ብቻ ነው።

አስራት "ሰዎቹስ ተጠይቀዋል?" አለ።

"አንተ ስታነብ ተጠየቁ ማለት አይደል?" አለ አቶ ታደሰ፣ በለዘበ ድምፅ። "እምቢ የሚል ብዙም አልገጠመንም። በሌላ ወረዳ አንድ ወጣት አንገራግሮ ነበር። እሱ እንኳ ሌላ ጉዳይ ተገኘበት መሰለኝ፤ እስካሁን ማረፊያ ቤት ነው።"

ሻይ ቀድቼለት ነበር፤ አልጠጣውም፣ አመስግኖ ተወው። ከገበያ ገና መግባቴ ስለነበር ጃንጥላዬ በእጄ ነበር። ጉልበቴ ላይ አጋደምኩትና "እሺ፣ ደስ ይለናል" አልኩት።

መኪናው ሳይርቅ ዘይነባ መጣች። ዘይነባ ከጎናችን ሱቅ ያላት፣ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚህ የቀሩ ጎረቤቴ ናት፤ ቦንጋ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ከእኔ በፊት ትሰማለች።

"ልጅሽ ታቶ ሆነ አሉ" አለች፣ በራፉ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ታቶ የድሮ የካፋ ነገሥታት መጠሪያ ነው። "ከእንግዲህ ጃንጥላ ይዘን ከኋላሽ ልንከተል ነዋ?"

"ተይ እስቲ ዘይነባ።"

"ምን ተይ ትይኛለሽ፤ ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል። እሺ አልሽው?"

"እሺ አልኩት።"

"አንቺ እሺ ስትይ ነው ሰው መፍራት ያለበት። ገበያውን ከዚህ አንሡ ሲሏችሁ እሺ ብለሽ ስንት ክረምት እዚያው ተቀመጥሽ?" ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አባቴ የጎሳችን አባት ነበር። በቋንቋችን በካፊኖኖ ሌላ ስም አለው፤ አማርኛው ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሥልጣኑ ከታቶዎቹ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ፤ እኔ ግን ሥልጣን የሚባል ነገር አላየሁበትም። ያየሁት ጠዋት ጠዋት ከእንሰቱ ማሳ በስተጀርባ ወርዶ ጫካው ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ፣ ሰዎችም ከወዲያና ከወዲህ ሲመጡ ነው። የማን ቀፎ በማን ዛፍ ላይ ተሰቀለ፣ ኮረሪማውን ቀድሞ ማን ለቀመ፣ የማን ላም የማን እንሰት በላች። ዛፍ ያለ እሱ ቃል አይቆረጥም ነበር። ልብሱ ከሌላው ሰው አይለይም፤ ካኪ ቁምጣ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ፣ ከላይ ጋቢ። ጫማ የሚያደርገው ቦንጋ ሲወርድ ብቻ ነበር፤ ያችኑ ኮንጎ ጫማ፣ እሷንም ከተማው መግቢያ እስክንደርስ በብብቱ ይይዛታል፣ እንዳታልቅበት።

ያ መንገድ እንዴት ያምር ነበር። ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ እንነሣና፣ እናቴ ጥምዝና ኮረሪማ በቅርጫት አዝላ፣ እኔ የማር ቅል አቅፌ፣ አባቴ ዘንጉን ይዞ ከፊት፣ በጫካው ውስጥ ለውስጥ እንወርዳለን። ዝንጀሮው ከላይ ይሰድበናል። ቦንጋ ያኔ አስፋልት አታውቅም፤ ባጃጅ የሚባልም አልነበረም። የጭነት መኪናዎች የሚቆሙበት ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ በራፏ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ውስጧ ቴፕ የሚዘፍንባት። አንድ ብርጭቆ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ስኳሩ ከታች ተቀምጦ። ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴቶች ናይለን ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ያቺን በራፍ ሲያልፉ እርምጃቸውን ያዘገዩ ነበር፣ የሚዘፈነው የፍቅር ዘፈን እስኪያልቅ። እኔም አዘገይ ነበር። አማርኛው ብዙ አይገባኝም፤ "ናፍቆት" የምትለዋን ቃል ግን ከዚያ ቴፕ ነው የተማርኳት፣ ምን እንደሆነች ሳላውቅ። ዛሬ ያ ጥግ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬ ሳላስበው ይዘገያል፤ የባጃጅ ነጂዎቹ "እትዬ፣ የት ልውሰድዎ?" ይሉኛል።

ዘንጉን ልነግራችሁ ነው እንጂ የተነሣሁት። አባቴ ፍርድ ሲሰጥ ዘንጉን እግሮቹ መሐል ያቆመዋል፤ ጫፉ መሬት ውስጥ ገባ እስኪል ይተክለዋል። ያን ጊዜ የተናገረው ቃል ነው። ተባለ፣ አለቀ። ግን አንዳንድ ጊዜ ወንድማማቾች ተቆጥተው ይመጡና "ዛሬውኑ ካልፈረድክ" ብለው ሲጮኹበት፣ ወይም አንድ ባለጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲህ በል እያለ ሲያስገድደው፣ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ ያጋድመዋል። እንዲል የተፈለገውን ሁሉ ይላል፤ እሺ ይላል፣ መልካም ነው ይላል፣ ይመርቃል። ያ ግን ቃል አይደለም። ትንፋሽ ነው። የተጋደመ ዘንግ ላይ የተነገረውን የሚፈጽም ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ይነቀንቅና ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገሩ እንደነበረ ይቆያል። ይህን ማንም ለማንም አስተምሮ አያውቅም። ልጅ ሆነን አይተን ነው ያወቅነው፤ ዝናብ ሲመጣ እንደምናውቀው።

ከዚያ የመንደር ምስረታ ዘመን መጣ። የዚያን ዘመን ሥራ ስሙን የሚጠራው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ የማስታውሰው ቆርቆሮ ላይ የተጻፉ ቀይ ፊደሎችን፣ የካድሬውን ጥቁር ቦት ጫማ፣ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሳሙና ከገበያ ጠፍቶ እናታችን ልብሳችንን በእንዶድ እንዳጠበችልን ነው። ሰው ሁሉ ከየጫካው ዳር ቤቱን አፍርሶ መንገድ ዳር በተርታ እንዲሰፍር ታዘዘ። እምቢ አሉ። ካድሬው ሞኝ አልነበረም፤ አባቴን አስጠራው። "አንተ ከተናገርክ ይሰማሉ" አለው። ሕዝቡ ተሰበሰበ። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ነበርኩ። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ዘንጉን አነሣ፤ ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ከዚያ ተናገረ፤ ውዬ አድሬም የማልረሳው ነው፣ እንዲያ ያማረ ንግግር ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። መንደሩ ጥሩ ነው አለ፣ ውሃ ይመጣል አለ፣ ትምህርት ቤት ይመጣል አለ፣ ቤታችሁን አፍርሱ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ካድሬው ከሁሉ የበለጠ አጨበጨበ።

ማንም ቤቱን አላፈረሰም። አንድም ሰው። ካድሬው ዝናቡን ጠበቁ ብሎ ታገሠ፤ እንሰቱን ጠበቁ ብሎ ታገሠ። በመጨረሻ ከመሐላችን አንድ ሰው፣ ሊቀመንበርነት የሚፈልግ፣ ዘንጉ ምን እንደሆነ ነገረው። አባቴን የወሰዱት በጠዋት፣ ቀፎ ሊሰቅል እየተዘጋጀ ሳለ ነው። ዘንጉን እናቴ የእንሰት ቅጠል ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው። ሲመለስ ክረምቱ አልፎ ነበር። የቀኝ እጁ ጣቶች አይጨበጡም፤ ለማኝ እንደሚዘረጋው ዘርግቶ ነበር የሚይዛቸው። ዘንጉን አውጥታ ስትሰጠው አየው፣ አሸተተው፣ ቆጥ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ሰው ለፍርድ ሲመጣበት "እኔ ገበሬ ነኝ" ይል ነበር። እኛ ቦንጋ ቤት ስንሠራ ዘንጉን "ከዓይኔ አርቂልኝ" ብሎ ሰጠኝ፤ እስኪሞት ድረስ ገበሬ ነበር። ቤቶቹን መጥተው ራሳቸው አፈረሷቸው።

አስራት ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ቢያንስ እኔ አልነገርኩትም። አያቱ ሲሞት ሕፃን ነበር። ያደገው እዚህ ከተማ፣ ትምህርት ቤት፣ ኳስ ሜዳ፣ ጓደኞቹ ከሙስሊሙም ከፕሮቴስታንቱም። "አያትህ እንዴት ያለ ሰው ነበር?" ብሎ ሰው ሲጠይቀው "ገበሬ ነበር" ይላል፤ እኔ እንዲያ ብዬ ነው ያሳደግኩት። አሁን ካባው ተሰፍቶ መጥቶ፣ በመስታወት ፊት ሲለካው፣ ትከሻው የአባቴ ትከሻ ሆኖ አየሁት። ንገሪው ይለኛል አንዱ ልቤ። ሳያውቅ ዘንጉን አቁሞ ካነበበ የሰፈሬ ሰው ያምነዋል፤ ቃል ነው ይላል፤ ቀፎውን ያወርዳል፤ ጫካው ይመነጠራል፤ ከዚያ ስሙን የሚያነሣው ሰው ሁሉ ይተፋል። አትንገሪው ይለኛል ሌላው። ካወቀ ያጋድመዋል፤ ካጋደመው እንደ አባቴ ይሆናል። አቶ ታደሰ የደካ ልጅ ነው፤ የከተማ ካድሬ አይደለም፤ ደካም ዘንግን እንደኛው ያውቃል፣ ነጋሪ አያስፈልገውም።

የአባቴ ወዳጅ ጋሽ በቀለ፣ እድሜው ከዘጠና አላነሰም ይላሉ፣ ከሰፈራችን በልጅ ልጆቹ ተደግፎ ለስብሰባው መጥቶ እኛ ቤት አረፈ። ካባውን በጣቶቹ ዳበሰው። "ጥሩ ጨርቅ ነው" አለ። "ለአባትሽ እንዲህ ያለ አልሰፉለትም። ያኔ አስረው ነበር ዝም የሚያሰኙን። አሁን ወንበር እየሰጡን ነው።" ከዚያ ወደ አስራት ዞሮ በካፊኖኖ "ዘንጉ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለህ?" ሲለው፣ እኔ ሳህን እያነሣሁ ነበር፤ ሆን ብዬ ጣልኩት። ብርጭቆውም አብሮ ተሰበረ። ጋሽ በቀለ ተመለከተኝ፤ ዳግመኛ አልጠየቀም።

በስብሰባው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። አዳራሹ በሰው እስትንፋስና በእርጥብ ጋቢ ሽታ ታፍኗል። መድረኩ ላይ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም አዲስ ካባ፣ ልክ የተማሪ ዩኒፎርም እንደለበሱ። ወንበሮቹ ለሰርግ የሚከራዩት ዓይነት፣ ከኋላቸው ነጭ ጨርቅ በሪቫን የታሰረ። አስራት ከሁሉ ወጣቱ ነበር፤ ዳር ላይ ተቀመጠ። እኔ ከዘይነባ ጋር መሐል ረድፍ ላይ ነኝ፤ ብቻዬን እንዳልሆን ሱቋን ዘግታ መጣች። ከኋላ በኩል የሰፈሬ ሰዎች ቆመዋል፤ ባለ ቀፎዎቹ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው።

ፎቶ ከመነሣታቸው በፊት አንዲት ሥርዓት የምታስጠብቅ ልጅ፣ ቆንጆ፣ አንገቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች፣ የሽማግሌዎቹን ዘንግ ሁሉ ሰበሰበችና አበባ የተተከለበት ትልቅ ማሰሮ ውስጥ፣ ከባንዲራው አጠገብ፣ አቁማ ሰካቻቸው። ለፎቶ እንዲያምር ነው። ከኋላዬ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። የአባቴ ዘንግ ቆሟል። አፈር ውስጥ ተተክሏል። አሁን መድረኩ ላይ የተነገረው ሁሉ ቃል ሊሆን ነው፤ ማሰሮ ውስጥ ይሁን እንጂ አፈር አፈር ነው። ጋሽ በቀለ ዓይኑን ጨፈነ።

ዘይነባ "ምን ሆንሽ፣ እጄን ሰበርሽው እኮ" አለችኝ በሹክሹክታ።

የመጀመሪያው ሽማግሌ አነበበ፤ ሁለተኛው አነበበ፤ ተጨበጨበ። ማይክራፎኑ አስራት ጋ ደረሰ። ወረቀቱን ዘረጋ። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ተነሣ፤ ማሰሮው ጋ ሄደ፤ ከዘንጎቹ መሐል የእኛን መረጠና ነቀለው። ያቺ ልጅ "ጋሼ፣ እሱ እኮ ለፎቶ ነው" አለችው። "ይቅርታ እህቴ፣ እጄ ባዶ ሲሆን አነባበብ ይጠፋኛል" አላት። ሰው ሳቀ። አቶ ታደሰ፣ ከመድረኩ ጎን ቆሞ የነበረው፣ እሱም ፈገግ አለ። አስራት ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ጸሎት የሚባል ሁሉ ጠፋብኝ። ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ምንም አልዘለለ፤ ምንም አልጨመረ። ሰፈራችን ልማቱን በደስታ ተቀብሏል አለ፣ የጎሳችን ሽማግሌዎች መርቀዋል አለ፣ ጫካው ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ተስማምተናል አለ። ድምፁ የአባቴ ድምፅ ነበር፤ ያማረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ዞር ብዬ ሳይ የሰፈሬ ሰዎች፣ ባለ ቀፎዎቹ፣ ከሁሉ የበለጠ እያጨበጨቡ ነበር፤ አንዱ እንባውን በኮፍያው ይጠርጋል። አቶ ታደሰ ግን አያጨበጭብም። የልጄን ፊት አይመለከትም። ጉልበቱን ነበር የሚመለከተው።

ስንወጣ ዝናቡ በርትቶ ነበር፤ ከአዳራሹ በረንዳ ሥር ሰው ተጨናንቋል። አስራትን ጓደኞቹ ከበው ካባውን እየጎተቱ ያሾፉበታል፤ "ጋሼ ታቶ፣ የእኛን ሰፈር ቧንቧ መቼ ይጠግኑልናል?" አቶ ታደሰ ሰውን ከፍሎ ወደ እኔ መጣ። ጃንጥላው ተጣጥፎ በክንዱ ላይ ተጋድሟል።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ልጅዎ በደንብ አነበበ። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። በእሱ ላይ ምንም አይመጣበትም፤ እርስዎም አይስጉ፣ ደኅና ይዋሉ።"

እኔ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም፤ እጁን ነበር የማየው። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ።

ሊሄድ ዞረ። አልሄደም። ተመለሰና ጃንጥላውን ከክንዱ አውርዶ ከበረንዳው ጠርዝ ውጪ፣ ዝናብ የበላው ጭቃ ላይ፣ ጫፉን ተከለው። እጀታውን በሁለት እጁ ያዘ። የደካ ሽማግሌ፣ አያቱ ሊሆን የሚችል ሰው፣ እንዲያ ተቀምጦ ታየኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በካፊኖኖ ነበር አሁን።

"ቢታ ገነት ከተማ እህት አለችዎት አሉ። ልጁ እዚያ ይሰንብት። ዛሬ ካልሆነ ነገ። እኔ ሪፖርቱን እስከ ሰኞ አዘገየዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።"

ጃንጥላውን ነቀለ፣ ጭቃውን አራገፈ፣ በአማርኛ "መልካም ቀን" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ዘይነባ ምንም አልገባትም። "ምን አለሽ? ፊቱ ደግ ይመስላል" አለችኝ። ክንዷን ይዤ ወደ አስራት ጎተትኳት።

ቤት ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋሽ በቀለ ከልጅ ልጆቹ ጋር ወደ ሰፈር ተመለሰ፤ ሲሄድ የአስራትን እጅ፣ የቧንቧ መፍቻ ያጠነከረውን እጁን፣ ይዞ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው፣ አጠፋቸው። ምን እያደረገ እንደሆነ እኔ ብቻ አወቅኩ። በሩን ዘጋሁት። አስራት ካባውን አውልቆ ሶፋው ላይ ጣለ፤ ራሱም ተቀመጠ፤ ዘንጉ አሁንም በእጁ ነው።

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ዘንጉን ማን ነገረህ? ጋሽ በቀለ ነው? ሌላ ሰው ነው?"

ግራ የገባው ሰው ሆኖ አየኝ፤ የሳቅ ሰው አልነበረም አሁን። "አንቺ ነሽ እንጂ እማ። ልጅ ሆኜ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ልጅሽ ዕቃ ሰበረ ብሎ ሲመጣ፣ 'እሺ እገርፈዋለሁ' ስትይው ማማሰያሽን ጉልበትሽ ላይ ታጋድሚው ነበር። አትገርፊኝም። ማማሰያውን ካቆምሽው ግን ሮጬ አመልጥ ነበር። ቀበሌ መጥቶ እሺ ስትይ ጃንጥላሽ ተጋድሞ ነው። አባባ ሊሞት ሲል 'ትድናለህ' ስትይው መጥረጊያውን ይዘሽ ነበር፤ አጋድመሽው። እኔ እኮ የሁሉም ሰው እናት እንዲህ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር።"

ሶፋው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ደብቄው የኖርኩት ነገር፣ ኮርኒስ ውስጥ ቀብሬው፣ በምስማር አስመትቼበት፣ እኔው ራሴ በየቀኑ እያሳየሁት አሳድጌዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያልነገርኩት ነገር ሁሉ ተራ በተራ ወጣ፤ አባቴ፣ ካድሬው፣ ጣቶቹ፣ ክረምቱ። አቶ ታደሰ የተናገረውንም ነገርኩት፤ የተጋደመውንም የተተከለውንም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ሰው ውጪ ባጃጅ ባቆመ ቁጥር ሁለታችንም ወደ በሩ እናያለን።

"ነገ ሂድ" አልኩት። "እለምንሃለሁ አስራት፤ አክስትህ ዘንድ ሂድ። ሥራው ቢቀር ይቅር። ባለ ቀፎዎቹ ከአንተ የሚፈልጉትን አግኝተዋል፤ ቀፏቸውን አያወርዱም። ከእንግዲህ ያንተ ጣቶች ናቸው የቀሩት።"

"ሰኞ ባለሀብቱ ከመሐንዲሶች ጋር ሰፈር ይመጣል አሉ" አለ።

"አንተ ምን አገባህ? አንተ ቢታ ገነት ትሆናለህ።"

ፀጉሬን ነካ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሊያጽናናኝ ሲፈልግ እንዲያ ያደርጋል። "እሺ እማ" አለኝ። "እሺ። ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እሄዳለሁ። አትፍሪ።"

ድምፁ ያማረ ነበር። ፊቱን ሳላይ ወደ ታች ተመለከትኩ። ዘንጉ ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል።